የስመኝ መንደርና የላፕቶፑ ሰዓት

ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ ጋቢ አለበሰኝና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሰዓቱ ከካርቶኑ ሲወጣ ሳቅ አመለጠኝ። ርእሰ መምህሩ ደስ ብሎት ነው ብሎ አብሮኝ ሳቀ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ለእኔ ሰዓት መሸለም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው መምህር አዱኛ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከወገዳ ተዛውሮ ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ፎቶ ተነሣሁና በማግሥቱ ዕቃዬን ጭኜ ወደ መካነ ኢየሱስ ተመለስሁ።

አሁን የምኖረው ሬዲዮ መጠገን ከተማርሁበት ሱቅ ጀርባ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አለኝ፤ በላዩም የመበየጃ ካውያዬ፣ ቴስተሬና ወረንጦዬ እንደተደረደሩ ናቸው። የሚጠገን ነገር ግን አይመጣም። የዛሬ ስልክ በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ሲበላሽ ወይ ይጣላል፣ ወይ ልጆቹ አንድ ነገር ይጭኑበትና ይነሣል። ዓይኔም ቢሆን ቀጭኑን ሽቦ አያይልኝም። ሚስት አላገባሁም፤ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ስዘዋወር ዕድሜው አለፈ። ቀን ቀን በር ላይ ቁጭ ብዬ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄዱትን አውቶቡሶች አያለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ቢጠፋ የሥራዬን ነገር ለወረቀት ልንገረው ብዬ ነው ይህን መጻፍ የጀመርሁት።

ሙያውን ያስተማሩኝ የኔታ ፈንቴ ናቸው። ጋይንት ቆይተው ድጓ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ደረታቸውን ሲታመሙ ዜማው አልሆን አላቸው፤ ከዚያ እንዴት ሬዲዮ ጠጋኝ እንደሆኑ አንድም ቀን አልነገሩኝም። ሕዝቡ ግን የኔታ ማለቱን አልተወም። ጊዜው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ገበሬው ገብስና ባቄላ ሸጦ ሬዲዮ መግዛት የጀመረበት። በገበያ ቀን ሱቃችን በጭስ በጠቆረ፣ አቧራ በጠጣ፣ አንዳንዴም በረሮ በወለደበት ሬዲዮ ይሞላል።

የኔታ ዕቃ ተቀብለው ወዲያው አይከፍቱም። መጀመሪያ ባለቤቱን ያስቀምጡና፣ "መጨረሻ የሰማህበት ነገር ምን ነበር?" ይሉታል። ሰውየው ዜና ነው፣ ዘፈን ነው እያለ ሲያወራ እሳቸው በሽታውን ያገኙታል። "ድምፁ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄደ" ካለ የባትሪ ድንጋዩ አፍስሶ ሽቦውን በልቶታል ማለት ነው። "ጮኸ ጮኸና ድርግም አለ" ካለ ደግሞ ብየዳው የለቀቀበት ቦታ አለ። ከዚያ ብሎኖቹን እየፈቱ በጧፍ ሰም ላይ በተፈቱበት ተራ ይተክሏቸዋል፤ ሲመልሱ ከመጨረሻው ይጀምራሉ። የቴፕ ጭንቅላት የሚጠርጉት በአረቄ ነበር። ጥጡን ነክረው በቀስታ ያሹታል፤ ጠርሙሱን ግን እኔም እሳቸውም እንዳንደፍረው በላዩ ላይ "መድኃኒት" ብለው ጽፈውበታል። እኔ አንድ ሁለቴ ታምሜያለሁ።

ከልማዳቸው ሁሉ አጥብቄ የያዝሁት ግን የሰዓቱን ነገር ነው። ሰዓት ያለው ቴፕ ወይም ዴክ ከተጠገነ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ሳያስተካክሉት ለባለቤቱ አይሰጡም። በፈረንጅ ሰባት የሚለውን ጠዋት አንድ ሰዓት ያደርጉታል። "ይኼ ሰው ቤቱ ገብቶ በጣቱ እየቆጠረ ስድስት ይቀንስ? ዕቃው ተጠገነ የሚባለው ከሰውየው ኑሮ ጋር ሲስማማ ነው" ይሉኝ ነበር። ባለቤቱ አያመሰግናቸውም፤ ብዙ ጊዜም አያስተውለውም። እሳቸው ግን የሬዲዮ ዜና ምልክት እስኪሰማ ጠብቀው ደቂቃውን ያስይዙና ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልለው ያስረክባሉ። እኔም በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲሁ ሳደርግ ኖርሁ።

የኔታ ሲያርፉ ንፋስ መውጫ ሄጄ የራሴን ሱቅ ከፈትሁ። የንፋስ መውጫ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ካውያዬን ከምሠራበት ይልቅ የምሞቅበት ጊዜ ይበዛ ነበር። እዚያ ያኖረኝ ካሴት ማባዛት ነው። የኔታ ቢኖሩ አይፈቅዱልኝም ነበር፤ የሰው ድምፅ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይባዛም ባይ ነበሩ። አንድ ቀን ማሲንቆ ያንጠለጠለ ሰው በሬ ላይ ቆሞ የከፈትሁትን ዘፈን ሲያዳምጥ አየሁት።

"ግባ እንጂ ወንድሜ! ይኼን ካሴት ልስጥህ? ከኦርጅናሉ በግማሽ ነው" አልሁት።

"ድምፁ ጥሩ ወጥቷል?" አለኝ።

"ቁርጥ ኦርጅናሉን!"

"እንግዲያ አንድ ስጠኝ፤ ለራሴ አንድም አልተረፈኝም" አለና ሒሳቡን ከፍሎኝ ወጣ። የማን ድምፅ እንደነበረ የገባኝ ከወጣ በኋላ ነው። ተከትዬው ሮጥሁ፤ በገበያው ሰው መካከል ጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ ማባዛቱን ተውሁ። ይህን የማነሣው ጨዋነቴን ለመናገር አይደለም። ሥራውን የሚቆልፍ ሰው ለምን እንደሚቆልፍ በደንብ ይገባኛል፤ እኔ ራሴ ካስቆለፉት መካከል ነኝ። የሚያናድደኝ ቁልፉ የሚገጠምበት በር ነው፤ ወደዚያም እመጣለሁ።

ትምህርት በፕላዝማ መሰጠት ሲጀምር የወገዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቴክኒሻን ይፈልግ ነበርና ተቀጠርሁ። ደመወዙ ከሱቁ ገቢ አይሻልም፤ ግን የመንግሥት ነው፣ ጡረታ አለው። የመጀመሪያው ርእሰ መምህራችን ደግ ሰው ነበር፤ ሌባ ግን በጣም ይፈራል። ፕላዝማዎቹን በብረት ፍርግርግ አስከርችሞ ቁልፎቹን በሱሪ ኪሱ ይዞ ይዞራል። ስብሰባ ሲጠራ ቁልፎቹም አብረውት ደብረ ታቦር ይወርዳሉ። ተማሪዎቹ የጠቆረውን መስተዋት በፍርግርጉ ውስጥ እያዩ ይውላሉ። አንድ ጊዜ ፈተና ደርሶ ሰውየው ስብሰባ ላይ ሲሰነብት፣ ከጎን ገብቼ የፍርግርጉን ማጠፊያ በብሎን መፍቻ ፈታሁት፤ ትምህርቱ ታየ፤ መልሼ አሰርሁት። ሲመለስ ቁልፉን ነካ ነካ አድርጎ፣ "አየህ አስማረ? ብረት ብረት ነው!" አለኝ። በዚያው ሰሞን ሌባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የዲሹን ገመድ ቆርጦ ወስዶ ነበር። ፍርግርጉን ጭራሽ አልቀረበውም።

መምህር አዱኛ እዚያ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ስለሆነ ስጽፍ "እሱ" እላለሁ እንጂ፣ ፊት ለፊት እስከ ዛሬ አንቱ እንደተባባልን ነው። እሱም ብቻውን፣ እኔም ብቻዬን የምንኖር ስለሆንን አንዳንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ሻይ ቤት አብረን እንቀመጣለን። ሻያችንን ጠጥተን፣ ስለ መንገዱ መበላሸት አውርተን፣ ደኅና ይደሩ ተባብለን እንለያያለን። ከዚያ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ስለ እኅቱ የነገረኝም ላፕቶፑ ተበላሽቶበት ይዞልኝ የመጣ ዕለት ነው።

ላፕቶፑ ቻርጅ አልቀበልም ብሎታል። እንደ የኔታ ልማድ ከመክፈቴ በፊት አስቀመጥሁትና፣ "መጨረሻ ያዩበት ነገር ምን ነበር፣ መምህር?" አልሁት።

"የስመኝን መንደር" አለኝ።

ስመኝ ታናሽ እኅቱ ናት። ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ አንድ ክረምት ለዕረፍት ስትመጣ ላፕቶፑንና አንድ ጌም ይዛለት መጣች። ጌሙ መንደር የሚሠሩበት ነው። ባዶ መሬት ይሰጥሃል፤ ወንዝ ትቀይሳለህ፣ ዛፍ ትተክላለህ፣ ቤት ትሠራና ስም ታወጣለታለህ። እንዲህ ያለው ጌም በኮፒ በየጌም ቤቱ ሞልቷል። እሷ ግን ሱቅ ገብታ በሳጥን የታሸገውን ኦርጅናሉን ነው የገዛችለት፤ እዚያው ሳለችም በኢንተርኔት አስከፍታዋለች። "ወንድሜ መምህር ነው፤ የተሰረቀ ነገር አልሰጠውም" ብላ።

ያን ክረምት ዝናብ ሲያግዳቸው ሁለቱ ቁጭ ብለው መንደሯን ሠሩ። የእናታቸውን ቤት ሠሩ፤ የደብራቸውን ጥድ ተከሉ፤ ስመኝ ሕፃን ሳለች የወደቀችበትን ወንዝ ሳይቀር ቀየሱት። ከመምህሩ ቤት ጎን ደግሞ አንዲት ትንሽ ቤት ሠራች። "ይቺ ስመለስ የምገባባት ናት፤ ሌላ ሰው እንዳታስገባብኝ" አለችው። ተመልሳ ሄደች። ዓመት ሳይሞላ ታማ ማረፏ ተሰማ፤ አስከሬኗ መጥቶ በደብራቸው ተቀበረች።

"እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እገባለሁ" አለኝ መምህር አዱኛ። "ምንም አልጨምርም፣ ምንም አልቀንስም። በሯ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ።"

"አይዞዎት፣ ይነሣል" አልሁት።

ቻርጅ መሰኪያው ከቦርዱ ተነቃንቆ ኖሯል። ብሎኖቹን በሰሙ ላይ ተራ በተራ ተከልሁ፤ አሮጌውን እርሳስ አቅልጬ አነሣሁ፤ ከሥሩ ያለችውን ቀጭን የመዳብ መስመር እንዳላቃጥላት ካውያውን እየነካሁ እያነሣሁ አዲስ በየድሁ። በመካከሉ መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ማራገቢያውንም ከአቧራው አጸዳሁለት። ስከድነው አንድም ብሎን አልተረፈኝም። ሲበራ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። በሥራ ዘመኔ ከሠራኋቸው ብየዳዎች እንዲያ ያማረ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ከታች በጥጉ ያለውን ሰዓት አየሁት። የፈረንጅ ነው። ሰዓቱን በእኛ አደረግሁት። ወሩንም ዓመቱንም የፈረንጅ አድርጎ ስላገኘሁት ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የፈረንጅ እንዳይሆን ብዬ እሱንም ወደ እኛ መለስሁት፤ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ። የጸሐፊዋንም፣ የመዝገብ ቤቱንም ኮምፒውተር እንዲሁ አድርጌላቸው ሲያመሰግኑኝ ኖረዋል። ጠርጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስረከብሁት። መምህር አዱኛ በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

በማግሥቱ ሰንደቅ ዓላማ ሳይሰቀል መጣ። ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ከፈተው። ጌሙ ተነሣ፤ መንደሯም የክብሪት ሳጥን በምታህል ሥዕል ብቅ አለች። ቤቶቹ ይታያሉ፤ ወንዙ ይታያል። ሥዕሏን ሲጫናት ግን በፈረንጅኛ የተጻፈ ነገር መጣ።

"ምን ይላል?" አልሁት።

ቀስ ብሎ ተረጎመልኝ። "የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል። ይህ ቅጂ ተሰርቆ የተገኘ ሊሆን ይችላል። እባክዎ ኦርጅናሉን ይግዙ።"

"ሰዓቱን የነካሁት እኔ ነኝ" አልሁ ወዲያው።

ነገሩን ያስረዳኝ እሱ ነው። ወገዳ ኢንተርኔት ስለሌለ ጌሙ ጌቶቹን መጠየቅ አይችልም፤ ስለዚህ የሚያምነው የላፕቶፑን ሰዓት ብቻ ነበር። ሌቦች ሰዓት ወደ ኋላ እየመለሱ ስለሚያታልሉት፣ ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰ ሁሉ ለእሱ ሌባ ነው። ዘመን በሌላ ቁጥር የሚቆጥር ሕዝብ መኖሩን የነገረው የለም። ሰዓቱን ወደ ፈረንጁ መለስሁት። አጥፍተን አበራነው። ያንኑ ጽሑፍ አመጣ። አንድ ጊዜ ከጠረጠረ ማንንም አይሰማም።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መምህር አዱኛ ግን ጽሑፉን ደግሞ አነበበና፣ "ሰዓቱ ምንም አይደለም፣ ጋሽ አስማረ። ስመኝን ሌባ አላት እኮ" አለኝ። ከዚያ ደወል ተደወለና ወደ ክፍሉ ሄደ።

በሳምንቱ መጨረሻ ላፕቶፑን ይዘን ደብረ ታቦር ወረድን። ኢንተርኔት ቤት ገብተን አገናኘነው፤ አሁንም እንቢ አለ። መምህር አዱኛ ለጌሙ ባለቤቶች በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ጻፈላቸው። አገራችን ዘመን የምትቆጥርበትን መንገድ አስረዳቸው፤ ጌሙን እኅቱ በገንዘቧ እንደገዛችው፣ ሰዓቱን የነካው ጠጋኝ ምንም ክፋት እንዳልነበረው ጻፈ። የእኔንም ነገር እንደዚያ አሳምሮ በመጻፉ አፈርሁ። መልሱን ለማየት ሌላ ጊዜ ተመልሰን ሄድን። መጥቶ ነበር። አንድ ጊዜ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

"ምን አሉ?"

"ችግር የለም፣ እንከፍታለን ነው የሚሉት። ገዢዋ ራሷ፣ በራሷ አድራሻ፣ የገዛችበትን ደረሰኝ አያይዛ ትጻፍልን አሉ።"

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሲሰማ ቆይቶ፣ "ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል? ይደውሉላትና ትጻፍላቸው እንጂ" አለ። በቅንነት ነው የተናገረው። መምህር አዱኛ "እሺ" አለና ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። እኔም ላፕቶፑን አቅፌ ተከተልሁት። ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ አውቶቡሱ ሲያንገላታን፣ አቧራው በመስኮት ሲገባ፣ ላፕቶፑን በኮቴ እየሸፈንሁ ደረስን።

እኔ ግን አልተውሁትም። ዕረፍቴን ጠብቄ፣ ላፕቶፑን ከመምህሩ ተቀብዬ ብቻዬን ንፋስ መውጫ ሄድሁ። ድሮ ሱቄ የነበረበት ቤት አሁን ጌም ቤት ሆኗል፤ የምታሠራው ብርቱካን የምትባል ፈጣን ሴት ናት። ነገሩን ስነግራት ዓይኗን አፈጠጠች።

"ኦርጅናል ገዝታ ነው? ኧረ በሞትሁት! ክራኩ እያለ?"

"ክራክ ምንድን ነው?"

"ቁልፉ የተሰበረለት ነዋ ጋሼ። ይኼውልዎ፣ ቁጥር አይል፣ ኢንተርኔት አይል፣ ምንም አይጠይቅም።" ጨዋታ ሳታቋርጥ በፍላሽ ላፕቶፑ ላይ ጫነችልኝ፤ ፍላሹንም ሰጠችኝ።

እውነቷን ነው፤ ወዲያው ተከፈተ። ሰፊ፣ ለምለም፣ ባዶ መሬት አመጣ። የስመኝን መንደር ግን አልከፈተም፤ መንደሯ የተቆለፈችው ለኦርጅናሉ በተሰጠ ቁልፍ ነበርና። እዚያ ጌም ቤት ውስጥ የተሰለፉትን ሰዎች አየኋቸው። አንዳቸውም አልገዙም፤ አንዳቸውንም ሌባ ነህ ያላቸው የለም። ቁልፉ የተሠራው ለእነሱ ነበር፤ እነሱ ግን ቁልፍ እንዳለም አያውቁም። ያ ማሲንቆ የያዘው ሰው ትዝ አለኝ። ለእሱ ተብሎ የሚሠራ ቁልፍ ቢኖር ደስታዬ ነበር፤ ይኼኛው ግን ስመኝን በደጅ አስቀርቶ እኔን ዓይነቱን የሚያስገባ ነው። በዚያ ዕለት በጣም ተናደድሁ፤ ንዴቴን የምነግረው ሰው ግን አልነበረኝም።

ያልሞከርሁት ነገር የለም። ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች አስጠየቅሁ፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ አየሁ። ሥራ ላይ ሳለሁ ያቃጠልሁት ቦርድ፣ የሰበርሁት መስተዋት አለ፤ እነዚያ ግን ተተክተዋል። እንደተቀበልሁት መመለስ ያቃተኝ የሰው ዕቃ ያ አንዱ ነው። የኔታ ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር እያልሁ ብዙ አሰብሁ። ምናልባት እሳቸውም ሰዓቱን ያስተካክሉት ነበር።

መምህር አዱኛ ወደ ደብረ ታቦር ሲዛወር ሊሰናበተኝ መጣ። ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

"እኔ ዘንድ ሆኖ በየእሑዱ ሌባ ከሚላት አንቱ ዘንድ ይቆይ። ከተከፈተ ይደውሉልኝ" አለኝ።

ተሳስመን ተለያየን። ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት ብቻዬን መቀመጡን ተውሁት።

ጡረታ ወጥቼ እዚህ መካነ ኢየሱስ ስገባ የመጀመሪያው ክረምት ከበደኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ በር የሚያንኳኳ የለም። አንድ ቀን ያን ላፕቶፕ ቻርጅ ላድርገው ብዬ ከፈትሁትና ያቺን ትንሽ ሥዕል ሳያት ቆየሁ። መክፈቱን አልቻልሁበትም፤ ግን ቤቶቹ ይታያሉ። ከገበያ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ብርቱካን የሰጠችኝን ፍላሽ ሰካሁና ባዶውን መሬት አወጣሁ። ካሴት ማባዛት ተውሁ ያልሁ ሰው በስተርጅና የተሰረቀ ጌም ይዤ ተቀመጥሁ።

ጌም ተጫውቼ አላውቅም። መጀመሪያ የተከልሁት ዛፍ ወንዝ ውስጥ ገባ። አንድ ቤት ጣሪያው ወደ ታች ሆኖብኝ እዚያው እንዳለሁ ሳቅሁ፤ ድምፄን ከሰማሁት ቆይቼ ነበርና ደነገጥሁ። ቀስ በቀስ ግን እጄ ለመደ። ለብየዳ የምጠቀምበትን ማጉያ መስተዋት በሥዕሏ ላይ እየያዝሁ አንድ ቤት አያለሁ፤ ወደ ሌላው ላፕቶፕ ዞሬ ያንኑ ቤት እሠራለሁ። ጥዱን ሳገኘው ክረምቱ ተጋምሷል። የመምህሩን ቤት ሠራሁ፤ ከጎኑ ያለችውን ትንሿን ቤት ግን ለመጨረሻ አስቀመጥኋት። እሷን ስጨርስ ዝናቡ አቁሞ ጭቃው ደርቆ ነበር። ስልኬን አነሣሁ።

"ተከፈተ?" አለኝ መምህር አዱኛ፣ ሰላምታም ሳይሰጠኝ።

"አልተከፈተም። ግን ይምጡ" አልሁት።

ከመስቀል በኋላ መጣ። ጠጕሩ ሸበት ጣል አድርጎበታል። ከጠረጴዛው ፊት አስቀመጥሁትና ከኋላው ቆምሁ። ምን እንደሠራሁ ሳልነግረው ገባው። ከእናቱ ቤት ጀመረ፤ ወንዙን ተሻገረ፤ ጥዱ ሥር ቆመ። በአንድ ነገር ብቻ እጁን አነሣ።

"የእማማ በር ወደ ምሥራቅ ነው" አለ። በሥዕሏ ላይ በዚያ በኩል አይታይም ነበር። ራሱ አዞረው።

ከዚያ ወደ ትንሿ ቤት ሄዶ በሯ ላይ ቆመ።

"ሁሉም በየቦታው ነው፣ ጋሽ አስማረ" አለኝ በመጨረሻ። "እጇ ግን የለበትም።"

"አውቃለሁ" አልሁት። ማወቄ ሕመሙን አልቀነሰልኝም።

ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅሮ ነበር። "አንቱ ነዎት የሠሩት። ክረምቱን ሙሉ?"

"ሌላ ምን ሥራ አለኝ?"

"ልውሰደው?"

"ለማን መስሎዎት ነው!"

ሊከድነው ሲል እጁ ቆመ። ከታች ጥጉን አየና፣ "ሰዓቱ በፈረንጅ ነው እኮ" አለኝ።

"ከዚያ ወዲህ የማንንም ሰዓት አልነካሁም።"

"ይሄን ይንኩልኝ። በእኛ ያድርጉልኝ።"

"ተዉኝ መምህር፣ በሞቴ!"

"ግድ የለም። ይኼኛው የተሰረቀ ነው፤ አይጠይቅም።"

ተቀመጥሁ። ሰዓቱን አስተካከልሁ፤ ወሩን አስተካከልሁ፤ ዓመቱን ሰባት ወደ ኋላ መለስሁት። ጌሙን ዘግተን እንደገና አስነሣነው። መንደሯ ተከፈተች። ማንም ምንም አላለንም። መምህር አዱኛ በሳቅና በለቅሶ መካከል ሆኖ ትከሻዬን ጨበጠኝ። ላፕቶፑን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ እስከ አውቶቡሱ ሸኘሁት። ኦርጅናሉን ትቶልኝ ሄደ።

ያ ኦርጅናል አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እንዳይሞት እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቻርጅ አደርገውና እከፍተዋለሁ። መንደሯ የክብሪት ሳጥን አክላ ትመጣለች። ማጉያዬን ይዤ ትንሿን ቤት አያታለሁ፤ ከዚያ ምናልባት ብዬ እጫናታለሁ። ኦርጅናሉን ይግዙ ይለኛል። እንግሊዝኛ ባላውቅም ያቺን ጽሑፍ በመልኳ አውቃታለሁ።

"ገዝታዋለች" እለዋለሁ።